ሚጢጢ አየር እስክታወጣ

ማክሰኞ

አያት ሆንኩ። ሴት ናት። ልጄ በኦፕራሲዮን ተገላገለች፤ ሰመመኑ ገና ስላልለቀቃት ስታየኝ «እማዬ፣ ደወል ተደወለ እንዴ?» አለችኝ። ተማሪ የሆነች መስሏት ነው። ሕፃኗን አገላብጬ አየኋት፤ ጣቶቿ፣ ጆሮዎቿ፣ አፍንጫዋ፣ ምንም አልጎደላትም። ስም እስኪወጣላት ሚጢጢ ብያታለሁ።

የልጄ ባል፣ ሹፌሩ፣ ከሥራ በቀጥታ መጣ። ያንን ቦቴውን ይዞ! የከተማውን ሽንት ቤት ሲመጥ የዋለ መኪና ክሊኒኩ በር ላይ አቁሞ በቦት ጫማው ገባ። ዘበኛው «ወንድም፣ እባክህ ይቺን ነገር ዘወር አድርጋት፤ ሰው ምሳ እየበላ ነው» ሲለው በመስኮት ሰማሁ። እኔ ለነርሶቹ «የመንግሥት መኪና ነው የሚነዳው» ብያቸው ነበር። ውሸት አይደለም፤ የመንግሥት ነው።

እጁን ግን እስከ ክርኑ ታጥቦ ነው ያቀፋት። ይኼን እመሰክርለታለሁ።

ረቡዕ

ጠያቂ ሲጎርፍ ዋለ። የድሮው ርዕሰ መምህራችን ሳይቀሩ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። «እትዬ ጸጥታ አያት ሆነች!» እያሉ ይስቃሉ። ተማሪዎች ያወጡልኝ ስም ነው፤ ምክትላቸው ሆኜ ስሠራ ክፍል ገብቼ ይቺን አንድ ቃል ካልኩ የዝንብ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ነርሷ ደግሞ ጊዜ አትመርጥም። ርዕሰ መምህሩ ወንበር ላይ፣ ሹፌሩ ጥግ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ ሻዩን ይዞ ሳለ ገብታ፣ በዚያ ድምፅዋ «ሕፃኗ ካካ ብላለች? የመጀመሪያው፣ ጥቁሩ ወጣላት?» ብላ አትጠይቅም? ሰው ፊት! ልጄ ተኝታለች፣ የምመልሰው እኔ ነኝ። «ሁሉም ደህና ነው፣ ተመስገን» አልኳት። ጻፈችና ወጣች።

ሚጢጢ ጡት ትይዝና ትተዋለች። ሆዷ ሞላ ሞላ ብሏል። ጠግባ ይሆናል።

ሐሙስ

በችኮላ ነው የምጽፈው። አስታወከች። ወተት አይደለም፣ አረንጓዴ፤ የተጨመቀ ቅጠል ነው የሚመስለው። ፎጣውን ይዤ ሮጥኩ። ነርሷ አየችውና ፊቷ ተለወጠ። ራጅ። አምቡላንስ። ልጄ ቁስሏን ይዛ አልጋ ላይ ቀረች፣ እኔና ሹፌሩ ከሚጢጢ ጋር ሄድን።

ትልቁ ሆስፒታል ነን። በአፍንጫዋ ቱቦ አስገቡላት። ከዚያች ጭብጥ ከማታህል ሆድ ያ ሁሉ አረንጓዴ!

ሐሙስ ማታ

አሁን ትንሽ ፋታ አገኘሁ።

የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ናት የተባለችው ራሷ ልጅ ትመስላለች። በጓንት መያዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ሁለት ቧንቧ ሣለችልን፤ የማይገናኙ። «አንጀቷ ማህፀን ውስጥ ሲሠራ አንድ ቦታ ላይ ተቋርጧል። ከላይ የሚመጣው ወደ ታች የሚያልፍበት መንገድ የለውም። እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ። ዛሬውኑ መክፈት አለብን» አለች።

ሹፌሩ «ማን አጥፍቶ ነው?» አላት።

«ማንም አላጠፋም» አለች። ከዚያ የክሊኒኩን ወረቀት ገልጣ፣ «እዚህ ላይ ደህና ይላል። ለመሆኑ ከተወለደች ጀምሮ ካካ ብላ ታውቃለች?»

ሹፌሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ «እንጃ፣ ጠያቂ በዝቶ ነበር» አልኩ።

በእርግጥም በዝቶ ነበር።

ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን፣ እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። መካከላችን ሁለት ሰው ያስቀምጣል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም ብድግ እንላለን፤ ወለል የምትወለውለው ሴት ስትወጣ እንኳ ብድግ ብለናል። በመጨረሻ ሐኪሟ ቆቧን አውልቃ መጣችና «ወጥታለች፣ ደህና ናት» አለች። መልሼ ተቀመጥኩ።

ያበጠውን ቆርጠው አውጥተዋል። መግጠም ግን አልተቻለም፤ የላይኛው ጫፍ እንደ አውራ ጣት ያበጠ፣ የታችኛው እንደ ክር የቀጠነ ነው። ስለዚህ ለጊዜው አንጀቷን በሆዷ በኩል ወደ ውጭ አወጡት፤ በከረጢት እየተቀበልን እናሳድጋታለን፣ የታችኛው ሲሰፋ ይገጥሙታል።

ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለች። ነገርኳት። ሁሉንም ማለት ይቻላል።

ቅዳሜ

ዛሬ ገልጠው አሳዩን። በሆዷ በስተቀኝ ቀይ፣ እርጥብ፣ ትንሽ ቲማቲም የሚያህል ነገር ወጥቷል። አንጀቷ ነው። ላዩ ላይ ውስጡን የሚያሳይ ከረጢት ለጥፈዋል።

ሹፌሩን አየሁት። ይህ ሰው በየቀኑ የሰው ጓሮ ጉድጓድ ከፍቶ ቱቦ የሚሰድ፣ ሌላው አፍንጫውን ይዞ ከሚሸሸው ነገር አጠገብ ቆሞ ምሳውን የሚበላ ነው፤ ልጄ ራሷ ናት የነገረችኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ፣ ክፍሉ ይዞራል እንዴ?» አለኝና ዘፍ ብሎ ወደቀ።

«ኧረ አባትየውን አንሱልኝ!» ትላለች የክፍሉ ሲስተር። አጠገባችን ያለችው እናት፣ ባለ ሻሿ፣ የራሷን ልጅ እንደታቀፈች «ምንም አይሆን፣ የእኔውም እንዲሁ ነበር» አለች።

እውነቱን ለመናገር ሳቄ መጥቶ ነበር። በኋላ ግን ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለቅስ አገኘሁት። መሐረቤን ሰጠሁት። እስካሁን አልመለሰልኝም።

ሰኞ

ልጄ መጣች፤ በተሽከርካሪ ወንበር፣ ቁስሏን በመዳፏ ደግፋ። የሚጢጢን ፊት እያየች ቻል አድርጋ ቆየች፤ ከረጢቱን ስታይ ግን አልቻለችም።

ሲስተር መቀሱንና አዲስ ከረጢት ይዛ «ቤት ስትገቡ የሚቀይርላት ማን ነው?» አለች። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሹፌሩ በሩ ላይ ነው፣ አይገባም አይወጣም። ሁሉም እኔን አዩኝ። እኔን! ልጄን ሳሳድግ እንኳ ይህን ሥራ ለሠራተኛዋ ነበር የምተወው።

ጓንት አጠለቅሁ። በላዩ ሌላ ጓንት። የሚለጠፈውን በቲማቲሟ ልክ ክብ አድርጎ መቅደድ ነው፤ ጠብቦ እንዳያንቃት፣ ሰፍቶም ፍሳሹ ቆዳዋን እንዳይበላው። መቁረጥስ እችላለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪ ካርቶን ስቆርጥ ኖሬያለሁ። «ወይ እጅ!» አለች ሲስተር። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

ረቡዕ

አፈሰሰ። ቀየርኩ። ደግሞ አፈሰሰ። ቀየርኩ። ቀሚሴ ላይ። ይሁን።

እሑድ፣ ቤት ከገባን በኋላ

እነሱ ቤት ነኝ። ሳሎን ሶፋው ላይ እተኛለሁ፤ ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው በመስኮት በኩል የቆመውን ቦቴ ነው። ጎረቤት አንኳኩታ «ልጅቷ ምን ሆና ነው ግን?» አለችኝ። «ትንሽ ሆዷን ነው፣ እየተሻላት ነው» አልኳት። ምን ልበላት? ሁሉ ነገር ለሁሉ ሰው አይነገርም።

ጓንቱን ትቼዋለሁ። በጓንት ስነካት ትሸማቀቃለች። ሌላ ምክንያት የለውም።

እንቅልፍ ሲወስዳት ደግሞ ሌባ ጣቴን ትይዛለች። አትለቅም። ሻዬ እየቀዘቀዘ እቀመጣለሁ።

ሐሙስ

ግድግዳው ስስ ነው፤ ማዳመጥ ፈልጌ አይደለም። ሹፌሩ ማድ ቤት ዕቃ ያጥባል፣ ልጄ ታወራለች።

«አንድ ቀን ቀድመን ብንደርስ ኖሮኮ፣ ምናልባት አንጀቷን ሳይቆርጡት…»

ቧንቧውን ከፈት አደረገው።

«ነርሷ አልጠየቀችም እንዴ?»

«ጠይቃለች» አለ።

«እና?»

«ጠያቂ በዝቶ ነበር።»

የእኔን ቃል ነው የተናገረው፣ ቃል በቃል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ራሴን ስላመመኝ ራት ሳልበላ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ሁለተኛው ወር

ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ትጠባለች፣ ትጠባለች፣ ከዚያ ሁሉም በከረጢቱ ይወጣል። ክንዷ ላይ ቆዳዋ ተሸብሽቧል። ልጄ «እማዬ፣ ምናልባት ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆን?» አለች። «ይሆናል» አልኳት። ሚዛኑ ግን እኔን በትክክል መዝኖኛል።

ያን ረቡዕ እያሰብኩ ነው። ምን እንደሚያሳስበኝ እንጃ። ነርሷ ጠየቀችኝ፣ እኔም መለስኩላት፤ አለቀ።

ዓርብ

ከረጢቱ ውሃ ብቻ ሆነ። ሞላ፣ ደፋሁ፣ ሞላ። የአናቷ እርግብግቢት ጎደጎደ። ዓይኗ ገባ። ማልቀስ እንኳ አልቻለችም። ዝናቡ ይወርዳል፣ ታክሲ የለም። «እትዬ፣ ቦቴው ብቻ ነው ያለው» አለ ሹፌሩ። «ክፈተው!» አልኩት።

ጋቢናው ውስጥ እኔና ልጄ፣ ሚጢጢ በመካከላችን። ክላክሱን ይዞ ገሰገሰ። ለካ ለዚህ መኪና ሰው ሁሉ መንገድ ይለቃል! አውቶቡሱ፣ የቤት መኪናው፣ ትራፊኩ ሳይቀር፤ አንድም ሰው አጠገባችን ሊቆም አልፈለገም። እንዲህ ፈጥኖ የሄደ አምቡላንስ አላየሁም።

ቅዳሜ

ግሉኮስ ገባላት። ጠዋት ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ ተቆጥታኛለች። ስትቆጣ ደስ ትላለች።

ሐኪሟ «ከዚህ በላይ አንጠብቅም፣ የታችኛው አንጀት ሰፍቷል፤ የሰውነቷ ውሃ ተስተካክሎ ከቆየ ሰኞ እንገጥመዋለን» አለች። ኮሪደር ላይ ተከትያት ወጣሁ።

«ዶክተር፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። አንድ ሰው ሳያይ፣ ደህና ነው ብሎ ቢመልስና አንድ ቀን ቢባክን…»

ቆመች። «እርስዎ ነዎት?»

ወለሉን ማየት ጀመርኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ተማሪ ፊቴ ቆሞ መሬት መሬት ሲያይ ምን እንደሚሰማው አሁን ገባኝ።

«ይስሙኝማ» አለች። «ያ አንጀት የተዘጋው ገና ማህፀን ውስጥ ሳለች ነው። ረቡዕም ብትመጡ፣ ሐሙስም፣ የምቆርጠው ያንኑ ነበር። አደጋው ሆዷ ውስጥ ቢቀደድ ነበር፤ አልተቀደደም። ፎጣውን ይዘው የሮጡትስ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ።»

«በቃ። ሌላ ጊዜ ስንጠይቅዎ ግን አይፈሩን። እኛ እዚህ ከካካ ሌላ ወሬ የለንም።»

መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ብዙ ታጠብኩ።

እሑድ

ሹፌሩን ሆስፒታሉ ግቢ፣ ቦቴው ጋቢና ውስጥ ዳቦ ሲበላ አገኘሁት። ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መሪውን እያየሁ ነገርኩት።

«ያን ረቡዕ ለነርሷ የመለስኩት ሳላይ ነው። ዳይፐሯን አልከፈትኩም። ሰው ፊት አፍሬ ነው።»

ዳቦውን አስቀመጠ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮህም መብቱ ነው።

«እኔ አይቼ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«በዚያው ቀን ጠዋት ዳይፐሯን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ሻይ ሊያስፈሉ ወጥተው። ሽንት እንጂ ካካ አልነበረበትም። ነርሷ ስትጠይቅ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በእርስዎ ፊት፣ በእንግዶችዎ ፊት፣ እኔ ስለ ካካ ላውራ? ‹ድሮስ ከዚህ ሌላ ምን ያውቃል› ይሉኛል ብዬ ዋጥኩት።»

እውነቱን ነው። እል ነበር። አፌን ሞልቼ ባልለውም በልቤ እለው ነበር።

«ታዲያ ለእሷ ለምን አልነገርካትም? የእኔን እንኳ?»

«ምን ብዬ? እናቷንም ባሏንም በአንድ ቀን ትጣላ?» ዳቦውን ገምሶ ሰጠኝ። በላሁ። እዚያ ጋቢና ውስጥ እህል እቀምሳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ አብረን ገብተን ለልጄ ነገርናት። ተራ በተራ አየችን። «እናንተ ሁለት ጨዋዎች ልጄን ልትጨርሱብኝ ነበር» አለች። ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ሚጢጢ ዞረች። ወደ ማታ ላይ ሐኪሟ ያለችኝን ስነግራት አለቀሰችና ሁለታችንንም በአንድ ላይ አቀፈችን፤ የሹፌሩ አገጭ ግንባሬን መታኝ።

ሰኞ

ገጠሙት። አግዳሚው ላይ ያው ሁለታችን ነን፣ ልጄ በመካከል። በልጄ ጀርባ በኩል እጄን ዘርግቼ ያገኘሁትን እጅ ያዝኩ፤ የእሱ ሆኖ ተገኘ። አልለቀቅሁትም።

ሐኪሟ «እኔ ሰፍቻለሁ፤ አሁን ሥራው የእሷ ነው» አለች። «አየር ካወጣች መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው። ያኔ ደስ ይበላችሁ። እስከዚያ ወተት የለም።»

ረቡዕ

አላወጣችም። በአፍንጫዋ ቱቦ የሚመጣው አረንጓዴ ነው።

ሐሙስ

አላወጣችም። ባለ ሻሿ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ «ዛሬስ?» ትለናለች። ምግብ የምታዞረዋም ሴት ጋሪዋን አቁማ «ዛሬስ?» ትላለች። የክፍሉ ሰው ሁሉ የሚጢጢን ቂጥ ነው የሚጠብቀው። ሹፌሩ ጆሮውን ዳይፐሯ ላይ ደቅኖ ሲስተር ደረሰችበት። እኔ «ነፋሱ ገና ነው» እላለሁ። ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም።

ቱቦው ውስጥ ያለው ትንሽ ነጣ ያለ መሰለኝ። መብራቱ ይሆናል።

ቢያንቃትስ? ስፌቱ ባይዝስ? እንደገና ቢከፍቷትስ? ያ ሆድ ስንት ጊዜ ይከፈታል?

ዓርብ

እንዲህ ነው የሆነው፣ ሳልረሳው ልጻፈው።

ልጄ ልብስ ልትቀይር ሄዳለች። ሹፌሩ ኮሪደር ላይ ነው። ሚጢጢን ትከሻዬ ላይ አስተኝቼ መዳፌን ከታቿ ደግፌያለሁ። ርቧታል፤ ትነጫነጫለች። ከዚያ ዝም አለች፣ ፊቷ ቀላ፣ እግሮቿን ሰበሰበች። መጀመሪያ መዳፌ ላይ ተሰማኝ፣ ቀጥሎ ለሁሉም ተሰማ። ያችን ከምታህል ልጅ እንዲያ ያለ ድምፅ!

አስቤ አይደለም። ሙሉ ግቢ ተማሪ ቀጥ በማደርግበት በዚያ ድምፄ «ፈሳች!» አልኩ። «ፈሳች! ልጄ ና! ና ቶሎ፣ ፈሳች!»

ሹፌሩ በሩን ገፍትሮ ገባ። «እማዬ፣ እውነት?» አለኝ። እትዬ አላለኝም። እኔም ልጄ ማለቴን ያስተዋልኩት ኋላ ነው። ባለ ሻሿ ታጨበጭባለች፣ የተኙ ሕፃናት ሁሉ ነቅተው ይጮሃሉ፣ ሚጢጢ ደግማ አሰማችን። ሲስተር እየሮጠች መጣች።

«ምንድን ነው ይኼ ጩኸት? ሆስፒታል እኮ ነው! ጸጥታ!»

በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥታ ተባልኩ።

«አየር አወጣች እንዴ?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምን አየር ነው! ፈስ ነው» አልኳት።

አንጀቴ ራሰ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ቅዳሜ

ካካ! ትንሽ፣ ቢጫ፣ በገዛ በሯ። ዳይፐሩን የቀየራት አባቷ ነው። አልወደቀም። ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞት ሄዶ ለሁላችንም አሳየን፤ ማንም ፊቱን አላዞረም። ከሰዓት በኋላ ወተት ተፈቀደላት፣ በማንኪያ ጫፍ። ዋጠችና አፏን ከፍታ ጠበቀች።

እሑድ፣ ቤት ከገባን ሰንበት ብሎ

ሚዛኑ ተነሥቷል። ጉንጭ አብቅላለች። ሆዷ ላይ የቀረው ጠባሳ ብቻ ነው፤ ስናጥባት ትስቃለች። እኔም ወደ ቤቴ ልመለስ ነው፣ ነገ፣ ወይም ከነገ ወዲያ። ማንም ሂጂ አላለኝም።

ዛሬ ርዕሰ መምህሩ ከዘራቸውን ይዘው መጡ፤ ጎረቤቷም አለች። ሻይ ቀዳሁላቸው። «ለመሆኑ ልጅቷ ምን ነበር የሆነችው?» አሉኝ። ሁለቱም ኩባያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አንጀቷ የት ላይ እንደተቋረጠ፣ ነርሷ ምን ጠይቃኝ ምን እንደመለስኩ፣ ስለ ከረጢቱ፣ ስለ ፈሱ፣ ስለ ካካው መልክ። ጎረቤቷ ኩባያዋን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወሬ ለማስቀየስ ያህል «አባትየውስ… ምን ነበር የሚነዳው?» አሉ።

«በር ላይ የቆመውን አላዩትም?» አልኳቸው። «የፍሳሽ ቦቴ ነው። ሲመለሱ ልጄ በእሱ ያድርስዎ፤ መንገድ የሚዘጋበት የለም።»

ሻያቸው እንደተቀዳ ቀረ። እኔ የእኔን ጠጣሁ።